ስለ ቋንቋ ስሕተትና ስለ እርማቱ

ሰዋስው ማለት በግእዝ ቋንቋ መሰላል ማለት ነው። የቀደሙት ሊቃውንት የቋንቋን ሥርዓት የሚያስተምረውን ትምህርት በዚህ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ምሥጢር የሚወጣ ሰው እርከን በእርከን ይወጣ ዘንድ ግድ ስለ ሆነ ነው። ከመሰላሉ አንዱ እርከን የተሰበረ እንደ ሆነ፥ ወጪው ወዲያው ባይወድቅም እንኳ ካሰበበት ሳይደርስ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ልናቀርበው ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው፤ የተሰበረውን እርከን በምን እንደምናውቀው፥ ካወቅነውም በኋላ እንዴት እንደምንጠግነው።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ያለው ቃል ከእርሻ ሥራ ጋር አንድ ነው። ገበሬ ጤፉን ያርማል፤ መምህርም የተማሪውን ጽሕፈት ያርማል። በማሳው ውስጥ ቡቃያውና አረሙ በመጀመሪያው ወራት እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ለአራሚ የሚገባው ከሁሉ አስቀድሞ አረሙን ማወቅ ሳይሆን ጤፉን ማወቅ ነው። ጤፉን የማያውቅ ሰው ለማረም ቢሰማራ፥ ቀኑን ሙሉ ደክሞ ማታ የሚቈጥረው የነቀለውን እህል ነው። የቋንቋም ነገር እንዲሁ ነው፤ ትክክለኛውን አነጋገር ያልተማረ ሰው ስሕተት አግኝቻለሁ ብሎ ሲነሣ ያስፈራል።

ከስሕተቶች ሁሉ በቶሎ የሚታየውና ብዙ ክርክር የሚያስነሣው የፊደል ስሕተት ነው። እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፥ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ፥ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ፥ ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በጥንት ዘመን የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ዛሬ ግን በአንደበታችን አንድ ሆነዋል። ድምፃቸው አንድ ይሁን እንጂ የሚሸከሙት ምሥጢር አንድ አይደለም። በግእዝ «ሠረቀ» ሲባል ወጣ፥ ታየ ማለት ነው፤ የፀሐይን መውጣት እንናገርበታለን። «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። «ኀለየ» አሰበ ማለት ነው፤ «ሐለየ» ግን ዘመረ ማለት ነው። «መሐረ» ይቅር አለ፥ «መሀረ» አስተማረ ማለት ነውና ምሕረትና ትምህርት በፊደላቸው የተለያዩት ከዚህ የተነሣ ነው። እንደዚሁም «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ግን ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ምልጃ የሚለምን ሰው «ሰአሊ» ብሎ በመጻፍ ፈንታ «ሠዐሊ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፥ ለምኝልን በማለት ፈንታ ሥዕል ሣዪልን ማለቱ ነው።

በየቀኑ በእጃችን የምንጽፈውን የዘመን ቍጥር እንኳ እንመልከት። «ዓመት» በዐይኑ ዐ ሲጻፍ የአሥራ ሦስት ወር ዘመን ነው። በአልፋው አ «አመት» የተባለ እንደ ሆነ ግን በግእዝ ገረድ፥ አገልጋይ ሴት ማለት ይሆናል፤ አመተ ማርያም የሚለው የክርስትና ስም ከዚህ የወጣ ነው። እንግዲህ «አመተ ምሕረት» ብሎ የሚጽፍ ሰው የምሕረት ዘመን ማለቱ ቀርቶ የምሕረት ገረድ ማለቱ ነው። በየደብዳቤው ራስ፥ በየማኅተሙ ዙሪያ ይህ ስሕተት ሲታይ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጉባኤ የሚሆን የጥሪ ወረቀት አሳትመን ነበር። ርእሱ ስለ ነፍስ ድኅነት የሚል ሊሆን ይገባው ነበር። «ድኅነት» በብዙኃኑ ኅ መዳን ማለት ነው፤ «ድህነት» በሃሌታው ህ ግን ማጣት፥ መቸገር ነው። እኛ የመጀመሪያውን አስበን ሁለተኛውን ጻፍን። ረቂቁን ሦስት ሰዎች አይተውት ነበር፤ ሦስታችንም አለፍነው። ወረቀቱ ከተበተነ በኋላ አንድ ሽማግሌ ምእመን ወደ እኛ ቀርበው፥ «ልጆቼ፥ ነፍስ ደግሞ መቼ ደኸየች?» ብለው ፈገግ አሉ። ሳቅን፤ ነገር ግን ያን ወረቀት እስካሁን በመጽሐፍ መካከል አስቀምጠነዋል።

አንዳንድ ወንድሞች እነዚህ ሞክሼ ፊደላት ተቀንሰው ከየድምፁ አንድ ብቻ ይቅር፥ ለልጆችም ትምህርቱ ይቀልላቸዋል ይላሉ። አሳባቸውን አንንቅም፤ ከጥንት ግእዝ ያልመጣውን ንጹሕ አማርኛ በየትኛውም ፊደል ቢጽፉት ከማንም ጋር አንጣላም። ከግእዝ የመጣው ቃል ግን ሥሩ በፊደሉ ውስጥ ስላለ፥ ፊደሉን መጣል ሥሩን መቍረጥ ነው ብለን እናምናለን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፥ በ1948 ዓመተ ምሕረት የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ለዚህ ነገር ታላቅ ዳኛ ነው። ይህ መጽሐፍ ራሱ የእርማት ታሪክ አለው። ሥራውን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ተቀብለው እያቃኑና እያሰፉ ብዙ ዘመን ደከሙበት፤ እርሳቸውም ሳይታተም በ1936 ዓመተ ምሕረት ስላረፉ፥ ለማተሚያ ቤት ያበቁት ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። አንድ መጽሐፍ ለማቃናት የሦስት ሰዎች ዕድሜ አስፈለገ ማለት ነው። ዛሬ ግን አንድ ገጽ ጽፈን ሁለተኛ ሳናነብበው ወደ ሕዝብ እንልካለን።

ከፊደል ይልቅ ደግሞ አንዲት ቃል መጉደሏ ነገሩን ሁሉ ትገለብጠዋለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1631 ዓመተ ምሕረት በለንደን ከተማ ሮበርት ባርከርና ማርቲን ሉካስ የሚባሉ አታሚዎች መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ ሲያትሙ፥ ከዐሥርቱ ትእዛዛት ዝሙትን በሚከለክለው ላይ አፍራሿን ቃል ዘለሏት፤ ትእዛዙም ክልከላ መሆኑ ቀርቶ ፈቃድ መሰለ። አታሚዎቹ ሦስት መቶ ፓውንድ ተቀጡ፥ የማተም ፈቃዳቸውንም ተነጠቁ፤ መጽሐፉም እየተሰበሰበ ተቃጠለ። ከጥፋት የተረፉት ጥቂት ቅጂዎች እስከ ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ።

በዚህ ረገድ አማርኛና ግእዝ ልዩነት አላቸው። አማርኛ አፍራሽ ቃሉን በሁለት ወገን ያጥራል፤ «አልሰረቀም» ስንል «አል» ከፊት፥ «ም» ከኋላ ስለሚጠብቁት፥ አንዱ ቢወድቅ ሁለተኛው ጆሮን ይቀሰቅሳል። ግእዝ ግን ያለው አንድ ዘበኛ ብቻ ነው፤ እርሱም «ኢ» ነው። «ኢይገብር» ማለት አያደርግም ማለት ነው፤ «ኢ» የወደቀች እንደ ሆነ «ይገብር» ብቻ ይቀራል፥ ይኸውም ያደርጋል ማለት ነው። የቀረው ቃል ፍጹም ትክክል ስለ ሆነ፥ ምሥጢሩን የማይከታተል ጆሮ ስሕተቱን አይሰማውም።

ይህን ስንጽፍ በልጅነታችን ያየነው አንድ ነገር ትዝ ይለናል። በአንድ የገጠር ደብር፥ ዕድሜው ከዐሥራ ሁለት የማይበልጥ ዲያቆን በቅዳሴ መካከል መልእክት ሲያነብ ያችኑ «ኢ» ዘለላት። ከቅኔ ማኅሌቱ አንድ አረጋዊ በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው፥ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፥ ይህን ያስተማረህ ማን ነው ብለው ጮኹበት። የተናገሩበት ምክንያት እውነት ነበረ፤ ልጁ ተሳስቷል። የቀረውን ንባብ ግን በታፈነ ድምፅ ጨረሰው፤ በሚቀጥለው እሑድም በእርሱ ስፍራ ሌላ ልጅ ቆመ። ሁለተኛው እሑድም እንዲሁ ሆነ። እናቱ ልጄ ታመመ ብትልም ከብት ሲጠብቅ አይተነው ነበር።

የንባብ መምህራችን የኔታ ግን በሦስተኛው ሳምንት ዳዊታቸውንና መልእክታቱን በማኅደር አንግተው ልጁ ከብት ወደሚጠብቅበት ሜዳ ሄዱ። እኛም ከኋላ ተከተልናቸው። ስለ ስሕተቱ አንዳች አላነሡም። ያንኑ ምዕራፍ ገልጠው አንብብልኝ አሉት። ልጁ እየፈራ አነበበ፤ አሁንም «ኢ»ን ዘለላት፤ ዐይኑ ለምዷት ነበርና።

«ልጄ፥ እዚህ ላይ የሚናገረው ስለ ምን ሥራ ነው?» አሉት።

«ስለ ክፉ ሥራ ነው የኔታ።»

«ሰውዬውስ ያን ክፉ ሥራ ምን አደረገው?»

«ሠራው የኔታ።»

«እንግዲህ ክፉ የሠራውን ሰው ቀጥሎ ለምን ያመሰግነዋል?»

ልጁ ዝም አለ። ጣቱን በብራናው ላይ ወደ ኋላ ጐተተና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። «የኔታ፥ ኢ ዘልያለሁ» አለ። የኔታም፥ «በል ከራሱ ጀምረህ ድገምልኝ» አሉት እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሚመጣው እሑድ ልጁ በስፍራው ቆሞ አነበበ። ዛሬ ራሱ የንባብ ቤት መምህር ነው።

አረጋዊውና የኔታ ሁለቱም ስሕተቱን ዐውቀውታል፤ በማወቅ አልተበላለጡም። አረጋዊው የተናገሩት ልጁን ነው፤ የኔታ ያሳዩት ግን ገጹን ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአገር ቤት ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች አያታቸውን «መጣህ?» ብለው ሲጠይቁ፥ በወንድ አንቀጽ ሴትን መጥራታቸው ነውና ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ልጁ ከዚያ በኋላ በአማርኛ ሲጠይቁት በእንግሊዝኛ መመለስ ይጀምራል። አያቲቱ «መጣሽ በለኝ፥ የእኔ ልጅ» ብለው ቢያልፉት ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር።

ወደ ዓረፍተ ነገር ስንመለስ፥ በዘመናችን ከሁሉ የበዛው ስሕተት የማሰሪያ መጥፋት ነው። «ጉባኤው ትናንት የተከፈተ ሲሆን፥ ብዙ ሕዝብ የተገኘበት ሲሆን፥ ሰፊ ትምህርት የተሰጠበት በመሆኑ» ተብሎ ይጻፍና አራት ነጥብ ይደረግበታል። ማሰሪያ አንቀጹ ወዴት አለ? እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር አፉ እንዳልታሰረ ጆንያ ነው፤ የተከተቱበት ቃላት ሁሉ በመንገድ ይፈስሳሉ። «ሲሆን» የተባለው ቃል በቦታው መልካም አገልጋይ ነው፤ በየሐረጉ ሲገባ ግን ጸሐፊው ነገሩን የት እንደሚያቆመው እንዳላወቀ ያሳብቅበታል።

የቦዝ አንቀጽም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። «ጸሎት አድርሶ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ» ያለ ሰው፥ ጸሎት ያደረሰው ቤተ ክርስቲያኑ ነው ማለቱ ነው። «ካህኑ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ» ቢል ለየሥራው ባለቤቱን ይሰጠዋል። የተሳቢዋ «ን»ም ቦታዋን ስትለቅ በየጋዜጣው እናያለን። «የመምህሩን ቤት አየን» እንላለን እንጂ «የመምህሩ ቤትን አየን» አንልም፤ «ታላቁን መጽሐፍ» እንላለን እንጂ «ታላቁ መጽሐፍን» አንልም። ይህ አማርኛን በእናቱ አፍ የሰማ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ብዕር ሲይዝ ግን ይረሳዋል።

የብዙ ቍጥር ነገር ደግሞ አለ። ሊቆች ብንል አማርኛ ነው፤ ሊቃውንት ብንል ግእዝ ነው፤ ሊቃውንቶች ያልን እንደ ሆነ ግን በካባ ላይ ካባ መደረብ ነው። መምህራኖች፥ ካህናቶች፥ ቃላቶች የሚባሉትም እንደዚሁ ናቸው። ይባስ ብሎ «አንድ መላእክት ተገለጠ» ሲባል እንሰማለን፤ አንድ ከሆነ መልአክ ነው። የአክብሮትም አንቀጽ ሕግ አለው፤ ለአባቶች «መጡ፥ አስተማሩ» እንላለን፤ ስለ እግዚአብሔር ስንናገር ግን «አለ፥ ፈጠረ» እንላለን እንጂ «አሉ፥ ፈጠሩ» አንልም። ለሌላ አገር ሰው ይህ አስደናቂ ነው፤ ሰውን በብዙ ቍጥር እያከበርን ፈጣሪን በአንድ እንጠራለንና።

ነገር ግን ከለመድነው የተለየ ሁሉ ስሕተት አይደለም። በጎጃምና በወሎ አንዳንድ ስፍራ «ከቤት» በማለት ፈንታ «ኸቤት» ይባላል፤ ይህ የአገሩ ልማድ ነው፥ አረም አይደለም። በመጽሐፈ መሳፍንት በዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈው ታሪክ ለአራሚ ሁሉ የሚያስፈራ ነው። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፥ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሺቦሌት በል ይሉት ነበር። የኤፍሬም ሰው ግን የ«ሺ»ን ድምፅ አጥርቶ ሊናገር ስላልቻለ ሲቦሌት ሲል በአነጋገሩ ታውቆ ይታረድ ነበር። በዚያን ጊዜ ከኤፍሬም ወገን የሞቱት 42,000 ነበሩ ይላል። የገለዓድ ሰዎች ስሕተቱን ለመለየት ጆሮአቸው እጅግ የነቃ ነበረ፤ የነቃበትን ምክንያት ግን ልብ ይሏል።

ከመጠን ያለፈ እርማትም ራሱ ስሕተት ይወልዳል። ንጉሡ ሠ ስሙ ንጉሥ ስለ ሆነ የበለጠ ክብር ያለው የሚመስላቸው ሰዎች «ሠላም» «ሠው» እያሉ ይጽፋሉ፤ ሰላምም ሰውም በእሳቱ ሰ ናቸው። ስለ ፊደል ግድ የሌለው ሰው ቢያንስ አንዳንድ ጊዜ በዕድል ይስታል፥ አንዳንድ ጊዜም ያገኛል፤ እነዚህ ግን በትጋት ነው የሚስቱት። በብራና መጻሕፍትም ይህ ይታያል። ጸሐፊው ያልለመደውን፥ ነገር ግን ትክክል የሆነውን ጥንታዊ ቃል ሲያገኝ ስሕተት መስሎት በምላጭ ፍቆ የለመደውን ይጽፍበታል፤ የተፋቀው ብራና ሸካራ ሆኖ ሲዳሰስ ብቻ የቀድሞው ንባብ ሌላ እንደ ነበረ ይታወቃል። መልካሞቹ ጸሐፍት ግን የዘለሉትን ቃል በመስመሩ መካከል በደቃቅ ፊደል ጽፈው ምልክት ያደርጉበት ነበር። ስሕተታቸው እስከ ዛሬ ይታያል፥ እርማታቸውም እንዲሁ።

ዛሬ ይህን ሥራ ለኮምፒዩተርና ለስልክ መስጠት ይቻላል የሚሉ አሉ። መሣሪያው የማያውቀውን ቃል በቀይ ያሰምርበታል፤ በዚህ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን አማርኛ በአንድ ግስ ላይ ከፊትም ከኋላም ብዙ ቅጥያ የሚጭን ቋንቋ ነው፤ «ያልተመለሰላቸው» በሚለው በአንዱ ቃል ውስጥ አፍራሹም፥ ተደራጊነቱም፥ ተጠቃሚዎቹም አሉ። መሣሪያው ይህን ሁሉ ለይቶ ቢያውቅ እንኳ «አመተ ምሕረት» ላይ አያሰምርም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸውና። «ስለ ነፍስ ድህነት» የሚለውንም ያሳልፈዋል፤ እኛ እንዳሳለፍነው ማለት ነው።

የራስን ጽሕፈት ለማረም ከአገባብ ቤት የተማርነው ልማድ ይህ ነው። አስቀድሞ ማሰሪያውን መፈለግ፤ ማሰሪያው ከተገኘ ማን ብሎ ባለቤቱን፥ ማንን ወይም ምንን ብሎ ተሳቢውን መጠየቅ። መልስ ያጣ ጥያቄ ካለ ስሕተቱ በዚያ አለ። ጽሑፉን ማሳደርም ይረዳል፤ ዛሬ የጻፍነውን ዛሬውኑ ስናነብ ዐይናችን የሚያየው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን በልባችን ያለውን ነው። ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ዐይን የሚዘልለውን ጆሮ ይይዘዋልና፤ የሞክሼ ፊደላትን ስሕተት ግን ጆሮ አያገኘውም፤ ለእርሱ መዝገበ ቃላት መግለጥ የግድ ነው።

ለመልመጃ እንዲሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ከነስሕተቱ እናቀርባለን። «በ1950 አመተ ምህረት ብዙ ካህናቶች በሠላም ተሰብስበው፥ ስለ ዓለም ድህነት የሚናገረውን የታላቁ መምህር መጽሐፍን አነበበ።» ከላይ የተጻፈውን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሰባት ስሕተት ያገኝበታል። ሰባቱን ያገኘ ግን ስምንተኛ አይፈልግ፤ የቀረው ጤፍ ነው።